ጣውንቲቱ የምትቆምበት ቦታ

ጥቅምት 8 ቀን

ሰባ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል። አሁንም መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምከተው ያለ መነጽር ነው፤ ዓይኔ ባያይ ጣቴ ያያል። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ደረጃውን ምንም ሳልደገፍ እወርዳለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ሞተር ብስክሌቴን አስነስቼ ከተማ እሄዳለሁ፣ የልብስ ሰፊዎቹን መኪና እጠግናለሁ፣ ፖስታ ቤት ጎራ ብዬ ሣጥኔን ከፍቼ አያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፍልሽ እዚህ የሚወራውን ሰምተሽ እንዳታምኚ ነው።

ለፍላፊቷ ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እጅሽ የነካው ይባረክ፣ በር የሚከፍትልሽ አይጥፋ። እኔ ደህና ነኝ።

ጽሕፈቱ ተንጋዶ ብታዪው አትሳቂ። እስካሁን ደብዳቤውን የምትጽፈው እትዬሽ ነበረች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ ያሻትን ትጽፋለች። «እንዲህ አላልኩም» ስላት «ልትል ነበር» ትለኛለች። እሷ ካረፈች ወዲህ ባለ ሱቁ «እኔ ልጻፍልዎት» ብሎኝ ነበር። ለምን ብዬ? የማታ ትምህርት ቤት ያን ሁሉ ጊዜ የተመላለስኩት ለወግ አይደለም። እስክሪብቶው ከመፍቻ ይከብዳል እንጂ ይኸው ይሄዳል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። እትዬሽ «ጣውንቴ» ትላት የነበረችው ሞተር ብስክሌት አስቸግራኛለች። አንቺ የወተት ጥርስሽ ሳይወልቅ ቤንዚን ታንኩ ላይ አስቀምጬ ትምህርት ቤት የማደርስሽ፣ ያችው ናት። ሐሙስ ጠዋት እስከ አፏ ቤንዚን ሞልቼላት ከበር ስትወጣ ልጃገረድ ናት። ድልድዩን አልፋ፣ ዳገቱን ጨርሳ፣ የመንገድ ሥራ ዕቃ የተከመረበት ግቢ ጋ ስትደርስ ሳል ሳል ያደርጋታል፣ ከዚያ ቀጥ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ። ጥቂት ከቆየሁ በኋላ፣ አንድ ሰው ሻዩን ሳይቸኩል ጠጥቶ እስኪጨርስ ያህል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። መመለሻ ላይ ደግሞ ትንፍሽ አትልም። ካንዴላዋን ቀየርኩ፣ ካርቡሬተሯን አውርጄ አጠብኩ፣ ገመዶቿን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። የቀረው ፕላቲኗ ነው፣ እሳቱን የሚያቀብላት ትንሿ ብረት። ሲግል የሚከዳት እሱ ነው ብዬ ጠርጥሬአለሁ።

የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ የሞተሯን ዓይነት ስነግረው «አባባ፣ ይቺ እኮ እኔን ትወልደኛለች» ብሎ ሳቀብኝ። አንቺ ባለሽበት አገር አሮጌ ዕቃ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ ይባላል። አንድ ፕላቲን ፈልገሽ ላኪልኝ። ገንዘብ አትላኪ፤ ገንዘብ አልጠየቅኩሽም።

ሌላው፣ ነጋዴው የወንድሜ ልጅ ጓሮው ያለውን ክፍል ለእኔ ብሎ ቀለም አስቀብቷል። ሞተሯን የሚገዛም ሰው አግኝቷል። «ጋሼ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ወድቀው ይገኛሉ፤ ለአንዲት ሩቅ ዘመድ ደብዳቤ ብለው» ይለኛል። የእትዬሽ የአክስት ልጅ ልጅ መሆንሽን ቆጥሮ ነው። ቤቴ ውስጥ ያደገችን ልጅ ሩቅ ይላታል። ደግሞስ እኔ ቁም ሣጥን ነኝ እንዴ ከክፍል ክፍል የምጋዘው? ሞተሯ ከሄደች ሐሙስ የለም፣ ሐሙስ ከሌለ ሥራ የለም፣ ፖስታ ቤትም የለም። ዝናብ ሳይገባ ቁርጡን ይንገሩኝ ብሎኛል።

እትዬሽ ብትኖር ሰላምታ ትልክልሽ ነበር። እኔው ልኬልሻለሁ።

ጋሼሽ

ኅዳር 3 ቀን

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ጋሼዬ፤

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ እንደምን ነው? ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ቤትዎን ከክፉ ይጠብቅልኝ። እኔ በእርስዎ ምርቃት ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፍልዎት ከማስታምማቸው ሴትዮ ወጥ ቤት ነው። እሳቸው ተኝተዋል። ደብዳቤዎ ሲመጣ ከእጄ ተቀብለው ገለበጡት፣ አገላበጡት፣ «ይሄ ምንድን ነው፣ የተደረደረ ወንበር ይመስላል» አሉኝ። ጋሼዬ ናቸው የጻፉት ስላቸው «ታዲያ አንዳንዱ ወንበር እግሩ ተሰብሯል» አሉ። አይቆጡ፣ እንዲህ ናቸው። ማንኪያዎቹን ትራሳቸው ሥር ደብቀው «ሌባ ገባ» ይሉኛል፤ አብረን እንፈልጋለን፤ ሲገኝ እሳቸው ናቸው የሚደነቁት።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ግራ ገባኝ። ይህን ሁሉ ዓመት የሚጽፉልኝ እርስዎ ይመስሉኝ ነበር። ለካ የእትዬ ቃል ነው። አሁን የእርስዎን ሰማሁት። አጭር ነው፤ ግን እርስዎን ይመስላል።

ፕላቲኑን አገኘሁት። ከቤታችን ሥር ብስክሌት የሚጠግን ሰው አለ፤ እሱ አንድ ጡረተኛ ጋ ወሰደኝ፤ ጡረተኛው ከአሮጌ ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ። ልክፈል ብለው እምቢ አለ። «የምትነሳ ከሆነ ንገሪኝ» ነው ያለኝ። በካልሲ ጠቅልዬ ልኬዋለሁ። ካልሲው ውስጥ ሌላ ነገርም አለ፤ ለሻይ ነው፤ አይቆጡኝ።

ራት ምን ይበላሉ? ይህን ይጻፉልኝ። የወንድምዎ ልጅ ያለው ነገር አሳስቦኛል፤ ግን እርስዎ ያውቃሉ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 5 ቀን

ለለፍላፊቷ ልጄ፤

ሰላም ለአንቺ ይሁን፤ ካለሽበት ሆነሽ የዋልሽበት ቀን ይቅናሽ። ማንኪያ ለሚደብቁት ሴትዮም ሰላምታዬን አድርሺ። ጽሕፈቴን ስላሙኝ አልተቀየምኩም። ወንበሩን እየጠገንኩ ነው በያቸው።

ፕላቲኑ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ዕቃ ካየሁ ቆይቻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ገጠምኩት። ስረግጣት ወዲያው ነው የተነሳችው፣ ሁለተኛ አላስረገጠችኝም። ሐሙስ ጠዋት ሞልቼላት ወጣሁ። ድልድዩን አለፍኩ፣ ዳገቱን ጨረስኩ፣ በልቤ ለጡረተኛው ምርቃት እያወረድኩ ሳለ ሳለችና ቆመች። ያው ግቢ በር ላይ።

እዚያ አንድ ዘበኛ አለ። ከቱቦና ከአስፋልት በርሜል ጋር የሚኖር ሰው ነው፤ ከጠጠሩ ክምር ሥር የቆርቆሮ ጎጆ አለችው። በርጩማ ይዞ ወጣ።

«ዛሬም?» አለኝ።

«ዛሬም።»

«ይህን ያህል ወጪ ምን አስፈለገ አባባ? እኔን ማየት ካማረዎት በእግርዎም ይመጣል።»

«አንተን ልይ ብዬ አይደለም የቆምኩት።»

«ይሁን። ብቻ እኔ ሐሙስ መሆኑን የማውቀው በእርስዎ ነው» አለና በርጩማውን ጠጠሩ ላይ አደላድሎ አስቀመጠልኝ።

ተቀመጥኩ። እሱ ቆሞ፣ እኔ ተቀምጬ፣ ሁለታችንም መንገዱን እናያለን። ከዚያ ተነሳች፤ ሄድኩ።

ካልሲው ውስጥ ያገኘሁትን የእትዬሽ የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ስትመጪ ትወስጂዋለሽ። ካልሲውን ግን አድርጌዋለሁ። አንድ ብቻ ስለላክሽ አንዱ እግሬ ሞቆት ሌላው ይቀናል።

ራት ምን ይበላሉ ላልሽው፣ ራት እበላለሁ። ችግሩ ራቱ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የሚከራከረኝ የለም። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ያወራል፣ ስመልስለት ግን አይሰማም። ትናንት «ዛሬ ብርድ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ። እትዬሽ ብትኖር «ምኑ ነው ብርዱ» ትለኝ ነበር። ማንም ምንም ስላላለኝ ብርድ ሆኖ ቀረ።

ሌላ የምልክልሽ ወሬ የለም። የሴትዮዋን ጻፊልኝ፤ ያሥቀኛል።

ጋሼሽ

ጥር 11 ቀን

ለማከብርዎት ጋሼዬ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን።

የወንድምዎ ልጅ ደውሎልኝ ነበር። የአትክልት መኪና በገመድ ጎትቶ ከተማ እንዳስገባዎትና ክርንዎ እንደተጎዳ ነገረኝ። እርስዎ አልጻፉልኝም። ሌላ ምን ያልጻፉልኝ ነገር አለ?

ጋሼ፣ እባክዎን ይሽጧት። ክፍሉ እንዴት እንደሆነ ነገረኝ፤ መስኮት አለው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባዋል። ሰው ያለበት ግቢ ነው። እኔ እዚህ ሆኜ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጠጠር ላይ ወድቀው ይታዩኛል። ለእኔ ደብዳቤ ብለው ከሆነ የሚመላለሱት፣ እኔ መጻፉን እተወዋለሁ። ከዚያ መሄጃ ምክንያት አይኖርዎትም።

ሥራ በዝቶብኛል፤ ስለ ጽሕፈቴ ማጠር ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ

መጋቢት 19 ቀን

ለተከበሩ ወይዘሪት፤

ጤና ይስጥልኝ። የላኩልኝ ምክር ደርሶኛል። ስለ ደኅንነቴ ስለተጨነቁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እንዳሉት አርጅቻለሁ። ደብዳቤዎ ሣጥኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው ያገኘሁት፣ በአውቶቡስ ሄጄ፣ ከአንዲት ነፍሰ ጡርና ከአንድ ፍየል መሐል ቆሜ። ሴትየዋ ወንበር ልትለቅልኝ ተነሳች። እስከዚያ ድረስ መድረሴን ይወቁልኝ።

እርስዎ እርስዎ ማለት ደከመኝ፤ እጄ አለመደም። ተይው።

እንዲህ ነው የሆነው። ያን ሐሙስ መጠበቅ ሰለቸኝ። መንገድ ዳር ፕላቲኑን ፈታሁት። የምታስረው ብሎን የሩዝ ፍሬ ታክላለች፤ ከጣቴ አመለጠችና ጠጠር ውስጥ ገባች። መቼም ሌላ ቦታ ቢሆን ጥሩ፤ እዚያ ግን አገሩ ሁሉ ጠጠር ነው። ዘበኛውና እኔ ተንበርክከን ስንፈልግ ፀሐዩ አናታችን ላይ ወጣ። «አባባ፣ ይቺን ከማግኘት መንግሥትን አዲስ መንገድ ሥራልኝ ማለት ይቀላል» አለኝ። እሱ እንኳ እየሣቀ አልነበረም።

አትክልት ጫኙ ሲያልፍ አየን፤ ቆመና ገመድ አወጣ። እኔ ሞተሯ ላይ ሆኜ መሪዋን ይዤ፣ ከፊቴ የሽንኩርት ጆንያ እያየሁ ተጎተትኩ። ኩርባው ላይ ሚዛን ሳትኩ፤ ክርኔ ተላጠ፤ ይኸው ነው። ያመመኝ ሌላ ነው። በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ነው የጎተተኝ። መርፌያቸውን አቁመው ከየበራቸው ወጡ። የሁሉንም መኪና እኔ ነኝ የማስነሳው። አንዳቸውም አልሣቁም። ቢሥቁ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐሙስ ቤት ዋልኩ። ጣውንቲቱን በአንሶላ ሸፍኛት ነበር። ብሎኑን ቆርጬ ሠርቼላት አሁን ትነሳለች፤ የምትቆምበት ቦታ ግን ያው ነው። ነጋዴው የሚገዛትን ሰውዬ በግንቦት ይዤው እመጣለሁ ብሏል። አንቺም ከእሱ ጋር ሆነሻል።

አሁን የእኔን ተራ ስሚኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ፖስታውን ግን ደጋግሜ። ከጀርባው ያለው የቤት ቁጥር ሌላ ነው። ወረቀቱ የድሮው አይደለም፣ ሳሙና ሳሙና ይላል። ማንኪያ ስለሚደብቁት ሴትዮ አንዲት ቃል የለም። እኔ ፊደሉን እየለቀምኩ ስለምሄድ የተዘለለውን አልዘልም። ሌላ ምን ያልጻፉልኝ ነገር አለ ብለሻል። አንቺስ?

ፕላቲን አልፈልግም፣ ገንዘብም አልፈልግም። ያለሽበትን ክፍል ጻፊልኝ። መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው? ምን ላይ ነው የምትተኚው?

ጋሼሽ

ሚያዝያ 6 ቀን

ለምወድዎት ጋሼዬ፤

ፈጣሪ ክርንዎን ይዳስስልኝ። ቁጣዎንም ያብርድልኝ። «ወይዘሪት» የሚለውን ሳይ ደብዳቤው የሌላ ሰው መስሎኝ ፖስታውን መለስ ብዬ አየሁት።

ሴትዮዬ በታኅሣሥ አረፉ። በሰላም ነው፣ እንቅልፍ ላይ። ትራሳቸውን ሳነሳ ሥሩ ማንኪያ ነበር። ልጆቻቸው መጥተው ቤቱን ቆለፉት፤ ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ ግን እኔ የቤቱ ዕቃ ነበርኩ፣ ቤቱ ደግሞ ተዘጋ። ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ።

አሁን የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ፣ ምድር ቤት። አንሶላ እናጥባለን፣ እናደርቃለን፣ እናጥፋለን። ክፍሉን የጠየቁኝን ልጻፍልዎት። ሦስት ሴቶች ነን፣ አልጋው ሁለት ነው። አንዷ ለሥራ ስትነሳ እኔ እሷ የተኛችበት ላይ እገባለሁ፤ ስለዚህ አልጋዬ ሁልጊዜ በሌላ ሰው ሞቆ ነው የሚጠብቀኝ። ስማቸውን አውቃለሁ እንጂ ፊታቸውን ብዙም አላውቅም፤ አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች። መስኮቱ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ጫማ ብቻ ያሳያል። ቡናማ ጫማ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ በየቀኑ ያልፋሉ፤ እርስዎ ነዎት እላለሁ። ለእናቴ አይንገሩብኝ፤ አሁንም ሴትዮዋ ጋ ያለሁ ነው የሚመስላት።

ለዚህ ነው ይሽጧት ያልኩዎት። አንዳችን እንኳ ደህና ክፍል ውስጥ እንሁን ብዬ ነው። ስለ ደብዳቤው ያልኩትን ደግሞ ከአፌ እንዳልወጣ ይቁጠሩልኝ።

አንድ ነገር ልንገርዎትና ልጨርስ። እዚህ ትልቁ ማድረቂያ በሩ ሲከፈት «እህ» ብሎ ይተነፍሳል። ሌሎቹ አይሰሙትም። እኔ በሰማሁት ቁጥር ትዝ የምትለኝ ጣውንቲቱ ናት። ያኔ ድልድዩ ላይ ስንደርስ እትዬ «ጉልበቴ» ይላሉ፣ እርስዎ ያቆማሉ፣ እሳቸው ግንቡ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ይዘረጋሉ። ከዚያ ሁልጊዜ «ቤንዚን አለ?» ይላሉ። «አለ» ይላሉ እርስዎ። «አሳየኝ» ይላሉ እሳቸው። እኔን ከታንኩ ላይ አውርደው ክዳኑን ሲፈቱት «እህህ» ብላ ረጅም ትተነፍስ ነበር። ሦስት ሰው ስለተሸከመች የደከማት ይመስለኝ ነበር። «እኔ ልክፈታት» ስልዎት «ስታድጊ» ይሉኝ ነበር፤ ያስታውሱታል? አሁንም ድልድዩ ላይ ያርፋሉ? ጉልበትዎን ያሳርፉት እንጂ።

ልጅዎ

ግንቦት 9 ቀን

ልጄ፤

አንቺን የተሸከመች ምድር ቤት ትመስገን፤ ከዚያም በደህና ታውጣሽ። ሴትዮዋን ነፍስ ይማር። ማንኪያዋን በማግኘትሽ ደስ ብሎኛል።

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው ያነበብኩት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ተመልሼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ጣውንቲቱ ፊት በርጩማ አስቀምጬ ተቀመጥኩ፤ ክዳኗን አየሁት። ምንም አልነካሁም። ሐሙስ ይምጣ አልኩ።

ሐሙስ እንደ ልማዴ ሞልቼላት ወጣሁ። አሁን ድልድዩ ላይ አላርፍም፤ ማን «ጉልበቴ» ይበለኝ? ዘበኛው ግቢ ስደርስ ሳለችና ቆመች። እሱ በርጩማውን ይዞ መጣ። አልተቀመጥኩም፣ መፍቻም አላወጣሁም። ክዳኑን በእጄ ፈታሁት። ተነፈሰች፤ አንቺ እንዳልሽው፣ ረጅም። መልሼ ገጠምኩት፣ ረገጥኳት፣ ተነሳች። ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ አልፈጀም።

ዘበኛው «ምን አደረጓት?» አለኝ።

«ምንም። አየር አጥሯት ኖሯል።»

«እንግዲህ ሐሙስን በምን ላውቅ ነው?» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አንድ ጉድጓድ ላይ ስንዘል ቤንዚን ከክዳኑ ተረጭቶ የእትዬሽን ቢጫ ቀሚስ አበላሸባት። መንገዱን ሁሉ አልተናገረችኝም። እኔ በማግስቱ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ክብ ላስቲክ ቆርጬ ክዳኑ ውስጥ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ ቤንዚኑ ጠብ አላለም። ግን ክዳኑ አየር የሚያስገባባት ቀዳዳ አለችው፤ እሷንም አብሬ ደፈንኳት። ታንኩ እስከ አፉ ሞልቶ ሲወጣ ቤንዚኑ ይጎድላል፣ በምትኩ የሚገባ አየር የለም፣ ያፍናታል። መመለሻ ላይ ታንኩ ጎደል ስለሚል ትችላለች። እኔ ደግሞ ራሴ የሞላሁትን ምን ብዬ ከፍቼ አያለሁ?

ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን ያልቆመችው ለምን ነው ትዪኛለሽ። እትዬሽ ስለማታምነኝ ነው። «አለ» ስላት «አሳየኝ» ትለኛለች፣ እከፍታለሁ፣ አየር ይገባል፣ እንሄዳለን። የማያምነኝ ሰው ሞተና ክዳኑን የሚያስከፍተኝ ጠፋ። ዓመቱን ሙሉ ካንዴላ፣ ካርቡሬተር፣ ፕላቲን ስል ከረምኩ።

አዲስ ላስቲክ ቆርጬ መሐሉን በምስማር በስቼ ገጠምኩ። አሮጌውን አጥቤ ከመፍቻዎቹ ጋር አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ ነጋዴው ሰውየውን ይዞት መጣ። ሰውየው ጎማዋን በእግሩ እየመታ ዞራት። የወንድሜን ልጅ «ና ከኋላዬ ውጣ» አልኩት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ወፍሬያለሁ» አለ። «እሷም አርጅታለች፤ ውጣ።» ከተማ ድረስ ወሰድኩት፣ የትም ሳላቆም፤ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ አዙሬ መለስኩት። ልጅ ሳለ እንደሚያደርገው ወገቤን በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ስንመለስ ለሰውየው «አትሸጥም» ያለው እሱ ነው። ክፍሉን ግን እንዳስቀባው ይኑር ብሏል።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርሽ። ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሐሙስ፣ ዘበኛው ግቢ ጋ ስደርስ አልቆምኩም። ማርሽ ጨምሬ አለፍኩ። ጡሩምባም ነፋሁ። በመስታወቱ ሳየው መንገድ ዳር ቆሟል፣ በርጩማውን በእጁ ይዞ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ስፈታ ያ በርጩማ ከዓይኔ አልጠፋም። ስመለስ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ጎጆው ተዘግቷል።

ነይ አላልኩሽም። ትልቅ ሰው ነሽ። እዚህ ያለው ያንቺ ክፍል ግን መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፣ ሰውን ከነራሱ ያሳያል። የእትዬሽን ስፌት መኪና ዘይት ቀብቼዋለሁ። ልብስ ሰፊዎቹ ሥራ በዝቶባቸው ሰው አጥተዋል። ይህን የምልሽ ለወሬ ያህል ነው።

ጋሼሽ

ሰኔ 1 ቀን

ለምወድዎት ጋሼዬ፤

ዕድሜና ጤና ይጨመርልዎት። ደብዳቤዎን ለሁለቱ ሴቶች ተርጉሜ አነበብኩላቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስታችን አንድ ላይ ተቀመጥን። አንዷ ስለ ዘበኛው አለቀሰች። ጡረተኛውም ጋ ሄጄ ተነሳች አልኩት፤ በፕላቲኑ አለመሆኑን አልነገርኩትም።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ሐሙስ ቀን፣ ከተማው መናኸሪያ እደርሳለሁ። ትኬቱን ቆርጬዋለሁ። አንድ ሻንጣ ብቻ ነው ያለኝ። ለእናቴ ከእርስዎ ቤት ሆኜ እጽፍላታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው፣ እያፈርኩ ነው። ካልሲ ውስጥ የላክሁት መሳቢያው ውስጥ ካለ፣ ስደርስ ያስፈልገኛል። የወንድምዎ ልጅ ደግሞ በመኪናው ሊቀበለኝ ይችላል፣ ዝናብ ነውና እርስዎ አይድከሙ። ምን ልበለው?

ልጅዎ

ሰኔ 20 ቀን

ለልጄ፤

መንገድሽ የቀና ይሁን፤ ከአጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው ደህና ሰው ያድርግልሽ።

ነጋዴው መኪናውን አያስነሳ። የምቀበልሽ እኔ ነኝ። ለዝናቡ ካፖርት አለኝ፣ ለአንቺም የእትዬሽ አለ። መሳቢያው ውስጥ ያለው አልተነካም። ማፈርሽን ተይ፤ የራስሽ ነው።

እስክትመጪ ያለብኝን ዕዳ እየጨረስኩ ነው። ነጋዴው ልርዳዎት ይላል፤ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። የአትክልት ጫኙን ገመድ አጥቤ መልሻለሁ፤ የጋቢናው ወንበር ተቀዶ ስላየሁት እሱን እሰፋለታለሁ። ለነጋዴው፣ ቀለም የተቀባው ክፍል ውስጥ አንድ ቀን አድሬ፣ ጥሩ ክፍል ነው ብዬ፣ ጠዋት ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ለባለ ሱቁ አንድ ደግ ቃል አለብኝ፤ ልጻፍልዎት ሲለኝ ጮኼበታለሁ። ለዘበኛው መቆም። ባለፈው ሐሙስ መክፈል ጀምሬአለሁ፤ ምንም ሳትሆን አቆምኳት። «ደግሞ ምን ሆነች?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። በርጩማውን ሊያመጣ ገባና አንድ ሳይሆን ሁለት ይዞ ወጣ። ለእትዬሽ ደግሞ ድልድዩ ላይ ማረፍ። እግሬን ዘርግቼ ግንቡ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጉልበቴን አያመኝም፣ ብቻ እቀመጣለሁ።

የቀረችው ያንቺ ናት። መናኸሪያ ስመጣ አዲሱን ላስቲክ አውጥቼ አሮጌውን ገጥሜላት፣ እስከ አፏ ሞልቼላት እመጣለሁ። ሻንጣሽን ከኋላ አስሬ ቀስ ብለን እንነዳለን። የትም ቦታ ትቁም፣ አልወርድም። ቤንዚን አለ ወይ ትዪኛለሽ፣ አለ እልሻለሁ፣ እንዳታምኚኝ። አድገሻል፤ ክዳኑን አንቺ ትከፍቻለሽ።

ጋሼሽ